ጥቁሩን መስኮት የደበቀው ጸጋአብ

ጸጋአብ ሰው ፊት መቆም አይወድም። ታክሲ ሲገባ የመጨረሻውን ወንበር ይመርጣል፤ ስብሰባ ሲጠራ በር አጠገብ ይቀመጣል፤ ፎቶ እንነሣ ሲባል «እኔ ላንሣችሁ» ብሎ ስልኩን የሚቀበለው እሱ ነው። ሚስቱ ሀይሚ የቤተሰቡን ፎቶ ስታገላብጥ «ይኼ ሁሉ ዓመት ከማን ጋር ነው የኖርኩት?» እያለች ትስቅበታለች። እንዲህ ያለ ሰው ኮምፒውተር መማሩ አያስገርምም። ኮምፒውተር አፍጥጦ አያይም፣ «ምነው ዝም አልክ?» አይልም።

የሚሠራው ገርጂ፣ ከአንድ ኬክ ቤት በላይ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ድርጅቱ ቦሌ ለሚ ባለው ፋብሪካው ሸሚዝ እያሰፋ ወደ ውጭ አገር ይልካል። ስፌቱ እዚያ፣ ወረቀቱ እዚህ ነው። የጸጋአብ የቅጥር ደብዳቤ «የአይቲ ባለሙያ» ይለዋል እንጂ በተግባር የፕሪንተር ሐኪም ነበር። ወረቀት ሲነክስ ይጠሩታል፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ ይጠሩታል። አንድ ቀን ሊፍቱ በሁለት ፎቅ መካከል ሲቆም ጠርተውታል፤ ያም ኤሌክትሪክ ነው ብለው። እሱም አልተቆጣም። ወጥቶ የሊፍቱን በር አንኳኳና ውስጥ ያሉትን «አይዟችሁ» ብሎ ተመለሰ።

ፋብሪካው በር ላይ ሠራተኞች ጣታቸውን የሚያሳርፉበት ማሽን አለ። ማን ገባ፣ ማን ቀረ የሚለው በየጠዋቱ ተለቅሞ፣ በየፈረቃው ተደምሮ፣ ለምሳ አቅራቢዋም፣ ለሰርቪስ አውቶቡሶቹም፣ ለሥራ አስኪያጁም መላክ አለበት። ይህን የሚሠሩት ወይዘሮ ፈለቀች ነበሩ። ወይዘሮ ፈለቀች የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ናቸው፤ በታይፕራይተር ዘመን የተማሩ፣ ጣታቸው የሚሮጥ፣ ሲጽፉ ወረቀቱን እንጂ ስክሪኑን የማያዩ ሴት። ግን ስልኩም የሳቸው ነው፣ እንግዳውም የሳቸው ነው፣ የሥራ አስኪያጁ ሻይም የሳቸው ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ቦሌ ለሚ የሚደርሰው አንዳንዴ ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው።

ጸጋአብ አንድ ቀን የአሻራውን ማሽን ሊጠግን ቦሌ ለሚ ወረደ። የምሳ ሰዓት ነበር። ሰልፉ መጨረሻ ላይ የቆሙት ልጆች ጋ ሲደርስ ወጡ አልቋል። አንዲት ቀጭን ልጅ ባዶ ሳህኗን ይዛ ትንሽ ቆመችና ደረቅ ዳቦ ተቀብላ ግድግዳ ሥር ሄዳ ተቀመጠች። አልተናደደችም፤ የለመደችው ይመስላል። ዳቦውን በውሃ እያራሰች ስትበላ ጸጋአብ አያት። ከሁሉ የከበደው ያ አለመናደዷ ነው።

ቢሮ እንደተመለሰ ስክሪፕት ጻፈ። ስክሪፕት ማለት ለኮምፒውተር የሚሰጥ የትእዛዝ ጽሑፍ ነው፤ ማሽኑ ጋ ሂድ፣ ስሞቹን አምጣ፣ ደምር፣ ለእከሌና ለእከሌ ላክ የሚል። ሪፖርቱ የሚታተመው ወይዘሮ ፈለቀች ጋ ስለነበር እዚያው እሳቸው ኮምፒውተር ላይ ጫነው። ስክሪፕቱም ሰዓቱ በደረሰ ቁጥር ሊሠራ ሲነሣ አንድ ጥቁር መስኮት ስክሪኑ መካከል ይከፈታል፤ ነጫጭ ፊደሎች ከላይ እስከ ታች ይንጋጋሉ፤ ከዚያ መስኮቱ ራሱን ዘግቶ ይጠፋል። ቁጥሩ ግን ድስቱ ከመጣዱ በፊት ቦሌ ለሚ ደርሷል።

በዚያ ሰሞን ጸጋአብ በሕይወቱ ሙሉ ያላየውን ክብር አየ። ሰዎች ከኋላው መጥተው ይቆማሉ። የሽያጭ ክፍል ልጆች «ሀከሩ» ይሉት ጀመር። ሥራ አስኪያጁ አቶ ገብረዋሕድ ከውጭ ገዢ ሲመጣ ወደ ወይዘሮ ፈለቀች ጠረጴዛ እየወሰዱ ያስጎበኛሉ። «ትንሽ ይጠብቁ፣ አሁን ይመጣል» ይላሉ፤ ፏፏቴ እንደሚያሳይ አስጎብኚ እጃቸውን ወደ ስክሪኑ ዘርግተው። ጥቁሩ መስኮት ይከፈታል፣ ፊደሎቹ ይሮጣሉ። «ዘ ሲስተም» ይላሉ አቶ ገብረዋሕድ። እንግዳው ራሱን ይነቀንቃል። ምን እንደሆነ የጠየቀ አንድም እንግዳ የለም፤ ሲጠይቅ አላዋቂ እንዳይመስል ይሆናል።

ያልወደዱት ወይዘሮ ፈለቀች ብቻ ነበሩ።

«ጸጋአብ፣ ያ ጥቁር ነገር መጣ» ይሉታል በተከፈተ ቁጥር።

«ምንም አይደለም፣ እትዬ ፈለቀች። ሥራ ላይ ነው።»

«ሥራ ላይ የሆነ ሰው አንኳኩቶ ነው የሚገባው።»

ከስክሪኑ ጥግ ላይ ትንሽ የማርያም ሥዕል ለጠፉ። መስኮቱ ሥዕሏን ሳይነካ ከጎኗ ተከፈተ። ወይዘሮ ፈለቀች ይህን ያዩት እንደ መሸነፍ ሳይሆን እንደ ድርድር ነው፤ «ቢያንስ ልኩን ያውቃል» አሉ።

ነገሩ የተበላሸው በደብዳቤ ነው። ድርጅቱ ፈቃድ የሚጠይቅበት አንድ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ኃላፊው አቶ በዳሳ ይባላሉ። ወይዘሮ ፈለቀች ለእሳቸው የሚላከውን ደብዳቤ ዓይናቸው ረቂቁ ላይ፣ ጣታቸው ሩጫ ላይ ሆኖ ሲጽፉ ጥቁሩ መስኮት ድንገት ከፊት ተደቀነ። በዚያች ቅጽበት የተመታችው ፊደል ደብዳቤው ውስጥ መግባቷ ቀርቶ ጥቁሩ መስኮት ውስጥ ወድቃ ቀረች። መስኮቱ ሲዘጋም አብራ ጠፋች። «ለክቡር አቶ በዳሳ» መባል የነበረበት «ለክር አቶ በዳሳ» ሆነ። አቶ ገብረዋሕድ እንደ ልማዳቸው ሳያነቡ ፈረሙ፣ ማኅተሙ ተመታ፣ ደብዳቤው ሄደ።

ከመሥሪያ ቤቱ የአቶ በዳሳ ጸሐፊ ደወለች። ድምፅዋ ሳቅ እንደታፈነበት ያስታውቃል።

«ኃላፊያችን፣ ክሩ እኔ ከሆንኩ መርፌው ማነው ብለው ጠይቀዋል» አለች።

አቶ ገብረዋሕድ ጸጋአብን አስጠሩት። ፊታቸው ቀልቷል።

«ያንን ጥቁር ነገር ሁለተኛ ማየት አልፈልግም።»

«እሺ። ሥራው ግን ይቀጥላል አይደል?»

«ሥራውን ማን አቁም አለህ? እንዳላየው ነው ያልኩህ።»

ጸጋአብ ከዚህ የበለጠ የሚስማማው ትእዛዝ በሕይወቱ ተሰጥቶት አያውቅም። ሥራ፣ ግን የማይታይ ሥራ። ደስ ብሎት ጠረጴዛው ጋ ሄደ።

መጀመሪያ መስኮቱ ሲከፈት ራሱን አሳንሶ ታች እንዲቀመጥ አደረገው። አልበቃም። ስክሪኑ ግርጌ ካለው መስመር ላይ ትንሽ ምልክት ብልጭ ብላ ትጠፋለች። ወይዘሮ ፈለቀች አዩዋት። «ሸሸ እንጂ አልሄደም» አሉ። «ታች ሆኖ ይጠቅሰኛል።»

ቀጥሎ ሌላ አጭር ስክሪፕት ጻፈ። የዚህች ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ትልቁን ስክሪፕት ትቀሰቅስና «መስኮት ሳትከፍት ሥራ» ትለዋለች። ይህም የሚነገረው በትእዛዙ መጨረሻ ላይ በምትቀመጥ አንዲት ዜሮ ነው። አንድ ብትጽፍ መስኮቱ ይታያል፤ ዜሮ ብትጽፍ አይታይም። ጸጋአብ ዜሮዋን ጻፈና ጠበቀ። ሰዓቱ ደረሰ። ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። ፕሪንተሩ ግን ተንቀሳቀሰና ሪፖርቱን ተፋ። ወይዘሮ ፈለቀች ወረቀቱን አዩ፣ ስክሪኑን አዩ፣ ሥዕሏን አዩ።

«ተመስገን» አሉ።

እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ግን ሰው የሚወደውን ሥራ ሲያገኝ ልኩን አያውቅም። ከመጋዘን አንድ ያረጀ ኮምፒውተር አስወጣ። ስክሪን የለውም፣ የፊደል ገበታ የለውም፤ ሣጥኑ ብቻ ነው። ከራሱ ጠረጴዛ ሥር ወሸቀውና ሥራውን በሙሉ ወደዚያ አዛወረው። ሰው ገባም አልገባም፣ ተጠቃሚ ኖረም አልኖረም ሰዓቱ በደረሰ ቁጥር እንዲሠራ አዘዘው። ኔትዎርክ ቢቋረጥ ዝም ብሎ ጠብቆ እንዲሞክር፣ ሳይሳካለት ቢቀር ማንንም ሳያስደነግጥ እንደገና እንዲሞክር አደረገው። ሲጨርስ ከዚያ ሣጥን የሚሰማው አንዲት ለስላሳ የአየር ማራገቢያ ድምፅ ብቻ ነበር። እሷም ከመንገዱ የታክሲ ጥሩምባ ጋር ተቀላቅላ ትጠፋለች።

አቶ ገብረዋሕድ በሳምንቱ አለፍ ሲሉ ቆም አሉ። «አጠፋኸው አይደል? ጎበዝ። ድሮም ጥቅም አልነበረውም።»

ጸጋአብ ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። ግን ስልካቸው ጮኸና ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ለጸጋአብ የሕይወቱ ምርጥ ወራት ነበሩ። ቦሌ ለሚ ወጥ አያልቅም። አውቶቡሶቹ በልካቸው ይመጣሉ። አቶ ገብረዋሕድ በአንድ ስብሰባ ላይ ምሳ አቅራቢዋን ስለ ቅልጥፍናዋ አመሰገኗት፤ እሷም አመስግና ተቀበለች። ቢሮው ውስጥ ግን «ሀከሩ» ማለት ቀስ በቀስ ቀረ። ከኋላው የሚቆም ጠፋ። ጸጋአብ ከሥራው ሁሉ ግማሹን ለሣጥኑ ስላስረከበ ጊዜ ተረፈው፤ ታች ኬክ ቤት ወርዶ ማኪያቶ መጠጣት ጀመረ። ሰው የሚያየውም ይህንኑ ማኪያቶ ነው።

ኢምራን የመጣው በዚያን ጊዜ ነው። ኢምራን ድርጅቶችን እያጠና «ማን ያስፈልጋል፣ ማን አያስፈልግም» የሚል ጥናት የሚሠራ አማካሪ ነው። ወጣት ነው፣ ንጹሕ ጫማ ያደርጋል፣ ሰው ሲያናግር ስልኩን ገልብጦ ያስቀምጣል። ክፉ ሰው አልነበረም። እያንዳንዱ ሠራተኛ አጠገብ እየተቀመጠ የሚሠራውን ያያል። ሒሳብ ክፍል የምትሠራው መኪያ እሱ አጠገቧ በተቀመጠበት ቀን ሦስት ጊዜ ስልክ አነሣች፣ ሁለት ጊዜ ተቆጣች፣ አንድ ፋይል ጥላ አነሣች። «ጫና አለባት» ብሎ ጻፈ። ጸጋአብ ጋ በተቀመጠበት ቀን ግን አንድም ፕሪንተር ወረቀት አልነከሰም። ኢንተርኔቱ እንኳ እንደ ጨዋ ልጅ ዋለ።

«ወንድሜ፣ አሁን ምን እየሠራህ ነው?» አለው ኢምራን።

«አሁን ሪፖርቱ እየተሠራ ነው።»

«ማነው የሚሠራው?»

«ከጀርባ ነው የሚሠራው። ባክግራውንድ።»

ኢምራን ዞር ብሎ የጸጋአብን ጀርባ አየ። ግድግዳ ነው።

«ማሳየት ትችላለህ?»

በመጨረሻ አንድ ሰው ጸጋአብን ጠየቀው። ከራሱ ኮምፒውተር ሆኖ ከጠረጴዛው ሥር ካለው ሣጥን ጋር ተገናኘና ውስጡ እየተሠራ ያለውን ሁሉ የሚዘረዝረውን ሰሌዳ ከፈተ። ረጅም ዝርዝር ነው። ጣቱን አንዱ መስመር ላይ አሳረፈ። «ይኸው፣ ይሄ ነው» አለ።

ኢምራን ጠጋ ብሎ አነበበ። ከመስመሩ ትይዩ ሥራው የማሽኑን ጉልበት ስንት እጅ እንደወሰደ የሚናገር ቁጥር አለ።

«ዜሮ ነው የሚለው እኮ።»

«አዎ። ቀላል እንዲሆን አድርጌ ነው የጻፍኩት። ማሽኑን ምንም አያስቸግርም።»

«ዜሮ ግን...»

«ዜሮ መሆኑ ነው ጥሩነቱ።»

ኢምራን በትሕትና ራሱን ነቀነቀና ላፕቶፑ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። ጸጋአብ አላየውም፤ ማየትም አላስፈለገውም። እሱ ራሱ «ዜሮ» የምትለዋን ቃል ከአፉ ሲያወጣት ነበር ነገሩ የገባው።

አቶ ገብረዋሕድ ዜናውን የነገሩት በር ዘግተው፣ ውሃ አስመጥተው ነው። «አንተን እኮ ሁላችንም እንወድሃለን» ብለው ጀመሩ። ጸጋአብ ከዚያ በኋላ ያለውን መስማት አላስፈለገውም። ጥናቱ የእሱን ቦታ ትርፍ ብሎታል። ፕሪንተር ሲበላሽ ከውጭ ይጠራል።

«ርክክብ ላድርግ?» አለ ጸጋአብ። «የሚሠራ ነገር አለ። ለአንድ ሰው ላሳየው።»

«ለማን ታሳየዋለህ? ሰው የለም እኮ። ኮምፒውተርህን ዘግተህ የቢሮ ቁልፍህን ለፈለቀች ስጣቸው፣ በቃ።»

በመጨረሻ ቀኑ ከሰዓት ላይ ጸጋአብ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ ሣጥኑን አየው። የተሰካው ተራ ሶኬት ላይ ነው። ቢነቅለው ማንም አይሰማም። ነገ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ሪፖርት ያጣሉ፤ ከነገ ወዲያ ይደውላሉ፤ እሱም ትንሽ አስለምኖ ይመለሳል። ሁሉንም በሐሳቡ አየው፤ የሚናገረውን ንግግር ሳይቀር። ከዚያ ግን ከነገ እስከ ከነገ ወዲያ ባለው መካከል ምሳ እንዳለ ትዝ አለው። ግድግዳ ሥር የተቀመጠችው ልጅ ዳቦዋን በውሃ ስታርስ ታየችው። እጁን ከሶኬቱ አነሣ። ይባስ ብሎ፣ የይለፍ ቃሉ ጊዜው አልፎበት ሥራው እንዳይቋረጥ፣ መቼም እንዳያልቅ አድርጎ አስተካከለው። ከዚያ ቁልፉን ለወይዘሮ ፈለቀች ሰጣቸው። ወይዘሮ ፈለቀች ጉንጩን ሳሙትና ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

ሀይሚ ስትሰማ ሰሐን እያጠበች ነበር። እጇን ሳታደርቅ ዞረች።

«አጠፋኸው አይደል?»

«ምኑን?»

«የጻፍከውን ነዋ።»

«አላጠፋሁትም።»

«አንተን አባረው እሱን አስቀሩት?»

«እሱ መኖሩን አያውቁም።»

ሀይሚ ፊቷን ወደ ሰሐኑ መለሰች። ከዚያ «እኔም አንዳንዴ አንተ መኖርህን የማውቀው ስታስነጥስ ነው» ብላ ሰሐኗን ቀጠለች። ያን ቀን አልሳቀም፤ በማግሥቱ ግን ታክሲ ውስጥ ትዝ ብሎት ብቻውን ሳቀ።

ስልክ ጠበቀ። የተወሰነ ጊዜ ሲጮህ እየሮጠ ያነሣ ነበር፤ አንዴ ባንክ ነው፣ አንዴ የሀይሚ እናት ናቸው። ከገርጂ ግን ማንም አልደወለም። ሥራውን በደንብ ስለሠራው አይበላሽም። አንዳንድ ቀን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥቂት ጉድለት ትቶበት ቢሆን ኖሮ ብሎ ተመኝቷል። ከዚያ አትላስ አካባቢ ያለ አንድ ሆቴል የስብሰባ አዳራሾቹን መሣሪያ የሚቆጣጠር ሰው ሲፈልግ ተቀጠረ። እዚያም ስክሪፕት ጻፈ፤ የአዳራሾቹን መርሐ ግብር በየበሩ ስክሪን ላይ የሚቀይር። በዚህኛው ግን መስኮቱን አልደበቀም። ፊደሎቹን አረንጓዴ አደረጋቸውና ሥራው ካለቀ በኋላም ትንሽ እየሮጡ እንዲቆዩ ተዋቸው። አለቃው በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር «በርታ» ይለዋል። ጸጋአብ ያፍራል፤ መስኮቱን ግን አይዘጋም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሆቴሉ ውስጥ ስለ ዘመናዊ አሠራር አንድ ዓውደ ጥናት ተዘጋጀ። ጸጋአብ ፕሮጀክተሩን ሰክቶ፣ ማይክሮፎኑን ሞክሮ አዳራሹ መጨረሻ ላይ ተቀመጠ። የመጀመሪያው ተናጋሪ ሲወጣ አየውና ወንበሩ ላይ ቀና አለ። ኢምራን ነው። ከፊት ረድፍ ደግሞ አቶ ገብረዋሕድና ወይዘሮ ፈለቀች ተቀምጠዋል።

ኢምራን ጥሩ ተናጋሪ ነበር። ስለ አንድ የልብስ ፋብሪካ ተናገረ። የሰው ኃይሉ ተቀንሶ ሪፖርቱ ግን ከበፊቱ ይልቅ በሰዓቱ እንደሚደርስ ገለጸ። «የዛሬ ጠዋቱን ላሳያችሁ» አለ። ትልቁ ስክሪን ላይ ሪፖርቱ ወጣ። ጸጋአብ ገና ሳያነበው ዐወቀው፤ «ድምር» የምትለዋ ቃል ትንሽ ወደ ግራ ተገፍታ ተቀምጣለች። ሊያስተካክላት እያለ ነው የወጣው። አዳራሹ አጨበጨበ። ጸጋአብም፣ ሁሉም ሲያጨበጭብ ዝም ማለት ስለሚያስታውቅ፣ አጨበጨበ።

ለሻይ ሲወጡ ኢምራን አየውና በእውነተኛ ደስታ አቀፈው። «አንተ! እዚህ ነህ እንዴ? ታውቃለህ፣ አንተ ከሄድክ ወዲህ አንድም ቀን አልተቋረጠም።»

«አይቻለሁ» አለ ጸጋአብ። «ጥሩ ነው።»

ወይዘሮ ፈለቀች ኢምራን እስኪሄድ ጠበቁና የጸጋአብን ክንድ ይዘው ወደ መስኮቱ ወሰዱት። ግራ ቀኝ አዩ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ ከጠረጴዛህ ሥር ያለው ሣጥን የአንተ ነው አይደል?»

ጸጋአብ ደነገጠ። «እንዴት ዐወቁ?»

ነገሩት። እሱ በሄደ ሰሞን አንድ ጠዋት መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ ሁሉም ኮምፒውተሩን አበራ፤ ግን ምሳ አቅራቢዋ ቁጥሩ አልደረሰኝም ብላ ደወለች። ሁሉም የየራሱን ስክሪን አየ፤ ከውጭ የተጠራው ጠጋኝ ነገ እመጣለሁ አለ። ያኔ ወይዘሮ ፈለቀች ትዝ አላቸው፤ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ጸጋአብ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ይል ነበር። ሄደው ጎንበስ አሉ፣ ጉልበታቸው ጮኸ፣ አንዲት ቁልፍ አገኙና ተጫኑ። አረንጓዴ መብራት በራች። ትንሽ ቆይቶ ምሳ አቅራቢዋ ደርሶኛል አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ መብራት በጠፋ ቁጥር ብዕር እንደወደቀበት ሰው ጎንበስ ብለው ይጫናሉ።

«ሣጥኑን ከአሮጌው ዕቃ ጋር ለቆራሌው ሊሸጡት ነበር» አሉ። «የስልክ መስመሩ ነው ብዬ አስጣልኩት።»

«ለምን አልነገሯቸውም?»

«ምን ብዬ? አጠፋሁት ብለሃቸዋል።»

«እኔ አላልኩም። እሳቸው ናቸው ያሉት።»

«ያው ነው። አለ ብላቸው ያጠፉታል። ከዚያ ልጆቹ ምን ይበላሉ?»

ከጸጋአብ በኋላ ሥራውን ተረክበው፣ ማንም ሳያያቸው፣ ሪፖርቱን በሕይወት ያቆዩት እሳቸው ናቸው። አዳራሹ ያጨበጨበው ለጉልበታቸው ነበር።

መብራት ሲመጣ ሣጥኑ በራሱ እንዲነሣ ማድረግ ይቻላል። ውስጡ ያለችውን ትንሽ ባትሪ መቀየርና አንድ ነገር ማስተካከል ነው። አንድ ቅዳሜ ጎራ ብሎ ሊሠራው ይችላል። «እትዬ ፈለቀች፣ እኔ መጥቼ...» ብሎ ጀመረ።

«ቶሎ ብትመጣ ነው እንጂ» አሉ ወይዘሮ ፈለቀች። «የእኔንም ቦታ ያጠኑታል አሉ። ጡረታዬም ደርሷል። ያ አጥኚ ልጅ በቀደም አጠገቤ ተቀምጦ ውሎ፣ ምን ይሠራሉ አለኝ። ሻይ አፈላለሁ አልኩት። ምን ልበለው?»

ጸጋአብ ሣጥኑ በራሱ ከተነሣ የሳቸውም ቦታ ዜሮ እንደሚባል ገባው። ሊናገር የነበረውን ዋጠው።

«እትዬ ፈለቀች» አለ በመጨረሻ፣ «ከእንግዲህ ሲጫኑት ሰው ባለበት ይጫኑት።»

«ለምን?»

«ሲያጎነብሱ ወገብዎን ይያዙ። ቶሎ አይነሡ። እዚያው ሥር ሆነው ትንሽ ያዳምጡ። ሲነሡም ለማንም ሳይሆን ለራስዎ እንደሚናገሩ ሆነው ‹ገባ› ይበሉ።»

ወይዘሮ ፈለቀች አፈጠጡበት። ከዚያ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

የሆነውን በኋላ በስልክ ነገሩት። መብራት የጠፋው ከሰዓት በፊት ነው፤ አቶ ገብረዋሕድ እንግዳ ነበራቸው። ጄኔሬተሩ ሲነሣ ወይዘሮ ፈለቀች ብድግ ብለው «ማንም ምንም እንዳይነካ» አሉ። በሕይወታቸው ቢሮ ውስጥ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ያ የመጀመሪያው ነው። ሁሉም ቆመ፤ መኪያ የያዘችውን ብርጭቆ እንኳ አላስቀመጠችም። ጫማቸውን አወለቁ። ይህን ጸጋአብ አላስተማራቸውም፤ ከራሳቸው የጨመሩት ነው። ወገባቸውን ይዘው አጎነበሱ፣ ቆዩ፣ አዳመጡ። ሲነሡ «ገባ» አሉ። ምሳ አቅራቢዋ ደርሶኛል ብላ ደወለች። እንግዳው ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ፣ አቶ ገብረዋሕድም ትንሽ አሰቡና «ዘ ሲስተም» አሉት።

ጥናቱ ሲወጣ የወይዘሮ ፈለቀች ቦታ «ወሳኝ» ተባለ። ጡረታቸው ተራዘመና «የሲስተም ክትትል አስተባባሪ» የሚል ደብዳቤ ተሰጣቸው። ደብዳቤውን የጻፉት ራሳቸው ናቸው፤ ሌላ ጸሐፊ የለም።

«አሁን ደግሞ ተተኪ አሠልጥኚ ብለውኛል» አሉት ጸጋአብን እንደገና ደውለው። «ምኑን ነው የማሠለጥነው? አንዲት ቁልፍ ናት እኮ።»

«ቀስ ብለው ያሠልጥኑ» አለ ጸጋአብ። «የመጀመሪያውን ሳምንት ስለ ማዳመጥ ብቻ ያስተምሩ።»

«ይቅር ይበለን።»

«አሜን።»

ምሳው እንዴት እንደሆነ ጠየቃቸው። በሰዓቱ እንደሚደርስ፣ ባለፈው ሳምንትም ትርፍ ወጥ እንደተገኘ ነገሩት። ጸጋአብ ደስ አለው። ወዲያው አዳራሹ በር ላይ አንድ ሰው እጁን እያወዛወዘ ጠራው። ስብሰባው የጥርስ ሐኪሞች ነበር፤ ማይክሮፎኑ አልሠራ ብሏቸው ሁሉም አንገቱን አዙሮ የሚያስተካክለውን ሰው ይጠብቃል። ጸጋአብ ስልኩን ኪሱ ከተተና በግድግዳው ጥግ ጥጉን ወደ መድረኩ ሄደ።